የቅዳሜው መጽሐፍ

«ቀስ ብለሽ አንብቢ። ቃል ትውጫለሽ።»

ስልኩን ወደ ፊቷ አቅርባ እንደገና ትጀምራለች። ከጀርባዋ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ የታክሲ ሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ያባዛል፤ መብራቱ በክዳኑ ጠርዝ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ሄዶ ይመለሳል። አባቷ ከባንኮኒው ጎን፣ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ፣ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጠዋት ጋዜጣውን አቅንታ ያስያዘቻቸው እሷ ናት። ፊደል ከዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

«‹የሸክላ መሰላል› የሚባል ልብ ወለድ ነው» ብላ ታነባለች። «ስለ አንድ አባትና ስለ ሴት ልጁ። ያላነበበው ይቆጨዋል። ዳኛው ምን ይላሉ?»

ዳኛው የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ለአባቷ ያወጣላቸው ስም ነው። በየቅዳሜው አንድ አባል መጽሐፍ ይጠቁማል፤ እሳቸው ያነበቡት ከሆነ ይፈርዳሉ፤ ያላነበቡት ደግሞ እስከዛሬ አልተገኘም። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ሰፈሩ ይስቃል።

የዛሬው ጠቋሚ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲስት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ጋውኑ ይታያታል፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እነሱ ያያል። ጠዋት ለብቻዋ ጽፎላት ነበር፦ «እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም። የፈጠርነው ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪያቸው። ያንቺንም እንበቀልልሻለን።»

ያንቺንም ያለው ያለፈውን ቅዳሜ ነው። ያን ቀን እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ጠቁማ ነበር፤ ቀጭን የፍቅር ታሪክ። ስለ መጽሐፉ የጻፈችውን ጥቂት መስመር ስታጠፋና ስትጽፍ ነው ያመሸችው። አባቷ ራሷ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው አደረጉ። ከዚያ፣ «ጻፊ» አሏት። «ይህን ያደነቀችው ልጄ ናት። ጭንቅላቷ በእናቷ ወጥቷል። እናቷም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከክር መጠቅለያ በቀር ያነበበችው የለም።»

«እንዲህ ብዬ ልጻፍ?»

«እንዳልኩሽ። አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።»

አልቀነሰችም። በገዛ ጣቷ ጻፈችው፤ በገዛ ጣቷ ላከችው። ሰፈሩ ሳቀ።

«ዳኛው፣ ዛሬም ፍርድ አለ እንዴ?» ይላል ሹፌሩ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «እኔ እኮ ግሩፑን የምከፍተው ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አባቷ ሰው ሲያገኙ ደረታቸው ይነፋል። ጋዜጣውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ።

«አባባ» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄንን ምናልባት አላነበቡት ይሆናል። ዛሬ ቢቀርስ?»

«እኔ ነኝ ያላነበብኩት?» ወደ ሹፌሩ ይዞራሉ። «ትሰማለህ? ድንጋይ ራስ ወልጄ፣ ማንበብ ልታስተምረኝ ነው።»

ሹፌሩ ይስቃል። እሷ የተባዛውን ወረቀት ከማሽኑ ታወጣለች። ትኩስ ነው።

«ጻፊ» ይላሉ። «‹የሸክላ መሰላል›ን ያነበብኩት በወጣትነቴ ነው። ጽፈሻል? መጀመሪያው ይንዛዛል። ደራሲው ሸክላና ጭቃ አይለይም። ዳሩ ግን…»

ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚፈልጉት ገጽ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስል ቅንድባቸው ይሸበሸባል።

«…ዳሩ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ፣ አባትየው ልጁ እግር ሥር ተቀምጦ ይቅርታ ሲጠይቃት፣ እኔ ትልቁ ሰውዬ አልቅሻለሁ።»

ጣቷ ይቆማል።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምታው አታውቅም። ለእናቷም፣ ለእሷም ወጥቶ አያውቅም። እዚህ፣ ማንም ያልጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ተቀምጦ ኖሯል። ማዶ ፋርማሲስቱ አንገቱን ያሰግጋል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል። አባባ፣ ይቅር፣ እያሾፉብን ነው። አፏን ትከፍታለች።

«ምን ይደነዝዝሻል?» ይላሉ አባቷ። «እናትሽም እንዲሁ ነበረች፤ መርፌ ይዛ ታንቀላፋለች።»

ትልከዋለች።

ስልኩ ወዲያው እጇ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አያባራም። ማዶ ፋርማሲስቱ ባንኮኒው ላይ ተደፍቷል፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ ይታያታል። አባቷ ንዝረቱን ሰምተው ፈገግ ይላሉ። የሸሚዛቸውን ኮሌታ ያስተካክላሉ።

«መጡ። ምን አሉ?»

«ከመጀመሪያው ላንብብ?»

«ከመጀመሪያው። ጮክ በይ፤ እሱም ይስማ።»

ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ፋርማሲስቱ ነው። ‹ዳኛው፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም። እኔና ዳቦ ጋጋሪው በሳቅ እየሞትን የፈጠርነው ነው። እንባዎን ይጥረጉ።›»

አንድም ቃል አልዋጠችም። የሹፌሩ ሳቅ ከአፉ ሳይወጣ ይቀራል። የአባቷ ፈገግታ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያጣ ይመስል ፊታቸው ላይ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይዳብሳል፤ ጋዜጣውን ያገኙታል፤ በችኮላ ዘርግተው ፊታቸው ላይ ያነሱታል።

ተዘቅዝቋል። በፊተኛው ገጽ ላይ ያሉት ሰዎች በጭንቅላታቸው ቆመዋል።

ሹፌሩ ጋዜጣውን ያያል። ከዚያ እሷን ያያል። ዛሬ ግን እንደ ወትሮው እጇን ሰድዳ አታቃናውም።

«ሁለተኛው መልእክት» ትላለች፣ ቀስ ብላ።