የተገለበጠው የገና ዱላ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዳይሰነጥቀው፣ ደምሰው የገና ዱላውን ቆልማማ ጫፍ፣ እሩሯን የሚመታበትን፣ በኑግ ዘይት አሸው። ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ግን ሜዳ አልወረደም፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን ከዘራም «እኔ ሽማግሌ ነኝ?» ብሎ አልገዛም። ከቤት መውጣትም ትቶ ነበር።

ሚስቱ እቴነሽ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ የቆረጠችውን ቁራጭ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «አምጣው፣ እኔ ልጠቅልልልህ።»

«ጥብቅ አድርጊው። ጫፉ ነው የሚሰነጠቀው።»

እሷ ግን ጎማውን የጠቀለለችው በሌላው ጫፍ ነበር።

«አንቺ! እሱ እኮ መያዣው ነው!»

«ነበር» አለችና ዱላውን ገለበጠችው። ጎማው መሬት ነካ፤ ቆልማማው ጫፍ መዳፉ ውስጥ ልክ ገባ። ደምሰው ዱላውን መሬት ላይ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው። ከዚያ ተደግፎት ተነሣ።

«ሽማግሌ የሚለኝ ከተገኘ» አለ ወደ በሩ እያዘገመ፣ «ገልብጬ ነው የምመታው!»