ሁለት ዙር የሚያስኬድ ነዳጅ

የመኪና ውድድሩ የመጨረሻ ዙር ሲጀመር ልጁ ከሁሉም ፊት ነበር። ተረከዙን ሊረግጠው ምንም ያልቀረው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ለተቀናቃኙ ቡድን የሚነዳው የእህቱ እጮኛ ነው። ዛሬ ካላሸነፈ ለመጪው ዓመት እንደማያስፈርሙት አለቆቹ ቁርጡን ነግረውታል።

ታላቅ እህቱ የቡድኑ መሐንዲስ ናት። ከመኪናው የሚመጣውን ቁጥር ሁሉ እያየች በሬዲዮ ትመራዋለች። ለውድድሩ የተፈቀደው ነዳጅ ልክ አለው፤ ከባትሪው የሚወጣው ጉልበትም እንዲሁ። ከልኩ በጠብታ ያለፈ፣ ቢያሸንፍም ውጤቱ ይሰረዝበታል።

"ስማኝ፣ ነዳጁ ሊያልቅብን ነው" አለችው። "ኩርባው ገና ከሩቅ ሲታይህ እግርህን ከነዳጁ አንሳ። የኤሌክትሪኩ ሞተር ራሱ ይዞ ፍጥነቷን ይቀንሳል፣ ባትሪውንም ይሞላልሃል። ፍሬን ላይ የምናባክነው ጉልበት የለንም።"

"እታለም፣ ሰውዬሽ ደርሶብኛል እኮ።"

"ይለፍ።"

ይለፍ! ከጠዋት ጀምሮ በልኩ ሲነዳ ነው የዋለው፤ ነዳጁ በየት በኩል ሄደ? ደግሞ ድምጿ እንዲህ የለሰለሰው ምን ሆና ነው? ልጅ ሳለ ብስክሌት ስታስተምረው ነበር እንዲህ የምታወራው። ያኔ እየደገፈችው ደህና ሲነዳ ቆይቶ፣ "ከለቀቅኩህ ቆየሁ" ስትለው ደንግጦ ወደቀና አገጩን ተሰነጠቀ። ጠባሳውን እያየች እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

ጠዋት ከእጮኛዋ ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ አይቷቸዋል። ያኔ ንቆ የተወው ነገር አሁን ሌላ ትርጉም ሰጠው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሷ ናት!

ቀኝ እግሩ ነዳጁን ካልረገጥኩ እያለ ያሳክከዋል። ግን ልኩን አልፎ ባዶ እጁን ከመቅረት ብሎ ያለችውን አደረገ። አራተኛው ኩርባ ላይ እጮኛዋ አለፈው። ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

"ወደ ጋራዡ እንዳትታጠፍ" አለችው። "ዳገቱን ይዘህ ውጣ፤ ሲደክማት ትቆማለች።"

እውነትም ዳገቱ መሃል ደክማ ቆመች። እዚያ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ወዲያው ከጎማዎቹ ኋላ ታኮ አደረጉ። የውድድሩ ተቆጣጣሪዎችም መጥተው ከታንኩ የተረፈውን ቀድተው ለኩ።

ዘጠኝ ሊትር። ሁለት ዙር እንደ ልቡ የሚያስኬድ ነዳጅ ነው።

እህቱ ዳገቱን በሩጫ ስትወጣ አያት። ሄልሜቱን መሬት ላይ ጥሎ ጠበቃት። ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል፤ መቼም ተንኮል የሠራ ሰው ከፊቱ ይታወቃል ብሎ አሰበ።

"ለባልሽ ሸጥሽኝ" አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "የእናቴ ልጅ ሆነሽ!"

እሷ እጇን ዘርግታ አገጩን ዳሰሰችው፤ ከዚያ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

ከኋላቸው የቡድኑ መካኒክ ከመኪናዋ ሥር ብቅ ብሎ ሠራተኞቹን "ታኮውን እንዳትነኩ" አላቸው፤ "ፍሬን የላትም።"