የሪፖርቱ ባለቤት

«ኧረ በናትሽ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው!» አላት ኃላፊው ከስብሰባው ክፍል ብቅ ብሎ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የሚታየው የሽያጭ ሪፖርት ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነበር። ምክንያቱን ታውቀዋለች። የሞተው ባልደረባዋ ሪፖርቱን ከመረጃ ቋቱ ጋር ያገናኘው በራሱ የኮምፒውተር መግቢያ መለያ ነበር፤ መለያው ደግሞ ትናንት ተዘጋ። በክፍሉ የጋራ መለያ አድርገው ብላ ስትጨቀጭቀው፣ «እህትዓለም፣ እኔ የት እሄዳለሁ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ኮምፒውተሯ ላይ የሪፖርቱን ማስተካከያ ገጽ ከፈተች። «ባለቤት» የሚለው ሳጥን ውስጥ አሁንም የእሱ ስም አለ። ጠቋሚውን አስጠጋች፣ መልሳ አራቀች፣ ወንበሯን አሽከረከረች፣ እንደገና አስጠጋች። በመጨረሻ ስሙን ከኋላ ጀምራ ፊደል በፊደል አጠፋችና የጋራውን መለያ ጻፈች። ግራፎቹ አንድ በአንድ ሞሉ፤ ሪፖርቱም እንደ ወትሮው ለሁሉም በኢሜይል ሄደ።

ኃላፊው ስልኩን አየ። ከግራፎቹ በላይ፣ ሟቹ በየጠዋቱ አብሮ እንዲላክ ያዘጋጀው ሰላምታ ነበር፦ «ደህና አደራችሁ? ቀዩን ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ፤ እኔ አለሁ።»

«ይቅርታ፣ እሱንም አሁን አጠፋዋለሁ» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እሱን እንኳ ተይው» አላት።