በሶፍት የተጠቀለለው ፕሬትዝል

አዲሱን ቤቷን ሊመርቁ የመጡት የባሏ ዘመዶች ከገጠር ናቸው፤ እነሱን ለመናቅ ይህ ብቻውን ይበቃታል። የወርቅ መስቀሏን ደረቷ ላይ አስተካክላ፣ የተጠማዘዘ ደረቅ ብስኩት በትልቅ ሰሃን ከምራ አቀረበችላቸው።

«ፕሬትዝል ይባላል። ለጋ ቅቤ አቅልጬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ጨምሬ፣ አሽቼው ነው ኦቨን የከተትኩት። ደግሞ ዳቦ ቆሎ እንዳይመስላችሁ!»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የባሏ አክስት እማማ የሻረግ እፍኝ ሙሉ ዘግነው በሶፍት ጠቀለሉ።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ለመንገድ ይሁነን» አሉ። ሌሎቹም እንደሳቸው አደረጉ። ሰሃኑ ባዶውን ቀረ።

‹እነዚህማ ስልቻ ይዘው ቢመጡ ይሻላቸው ነበር› አለች በልቧ። ከሳሎኑ በር ላይ አፏን አጣማ ሸኘቻቸው።

ቆየት ብላ ወደ ግቢው ስትወጣ፣ ዘበኛው ጋሽ ሸረፋ የሶፍት ጥቅሎች ጭናቸው ላይ ከምረው ይቆረጥማሉ።

«ደግሞ መስረቅ ጀመርክ?»

ጋሽ ሸረፋ ማኘካቸውን አቆሙ።

«እንግዶቹ ናቸው የሰጡኝ፣ እትዬ። አትንገራት ብለውኝ ነበር። ‹ዛሬ አርብ መሆኑን ረስታው ነው፣ እንዳታፍር ብለን ተቀበልናት። አንተ ሙስሊም ነህ፣ ብላልን› አሉኝ።»