ወዲያ ማዶ

ጉሙ ባሕሩን እንደሸፈነው የጎማ ጀልባቸው አሸዋ ነካች። ዘርትሁን ዘልላ ወርዳ መሬቱን ሳመች። ወንድሟ ግን ጥቂት እንደተራመደ ክው ብሎ ቀረ። ከፊቱ በቆመው ሰሌዳ ላይ ክንፉን የዘረጋ ጥንብ አንሳ ተስሏል፤ ከሥሩ ዐረብኛ ተጽፏል። ከሞሮኮ ዳርቻ ከመነሣታቸው በፊት የተደበቁት ልክ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሥር ነበር።

«ማዕበሉ መልሶናል» አላት።

«ወንድምዓለም፣ እስቲ ወደ ላይ ወጣ ብለን ሰው እንጠይቅ።»

«ማንን? ያን ሁሉ ዱላ ያወረደብንን ፖሊስ? ጉሙ ሳይገፈፍ ስፔን መግባት አለብን። ነይ ግፊ።»

ከአገር ይዟት ከወጣ ጀምሮ ከቃሉ ወጥታ አታውቅም። እንባዋን ጠርጋ ጀልባዋን ገፋች።

ከሰዓት በኋላ ማዕበል ገለበጣቸው። የሞሮኮ ዓሣ አጥማጆች እሱን በፀጉሩ ጎትተው አወጡት፤ እሷን አላገኟትም። ወደቡ ላይ አንድ የዱር እንስሳት ጠባቂ ብርድ ልብስ ደረበለትና፣ ወንድምየው ሱዳን ሳለ በለመደው ዐረብኛ ጠየቀው።

«ዓሣ አጥማጆቹ ከስፔን በኩል ስትመጡ ነው ያዩአችሁ። ስንቱ እዚያ ለመድረስ ሲያልቅ እናንተ ለምን ተመለሳችሁ?»

«ስፔንማ አልደረስንም። ጠዋት ያረፍንበት ቦታ የናንተው ሰሌዳ ነበረ፤ ጥንብ አንሳ የተሳለበት።»

ጠባቂው በትዕግሥት አስረዳው።

«ያ ሰሌዳ ከነዐረብኛው እዚያም አለ። ጥብቅ ስፍራው አንድ ነው፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ስፔን። ለወፎቹ ተብሎ ነው፤ ባሕሩን ወዲያና ወዲህ ሲሻገሩ ማንም እንዳይነካቸው።»