የሂሻም ምሳ

ስኳርም ልብም የሚያማቸው የሐጃ ሉጥፊያ ልጅ ሂሻም፣ የዓሳ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት እንክብል የሞላበትን ብልቃጥ ገበታው ላይ ገጭ አደረገና፣ «ኻልቲ ሬሕማ፣ ለእናቴ ከእንግዲህ ይኼ ይበቃታል፤ ድስትሽን አውርጂ» አላት። ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራት የወሎዋ ወጥ ሠሪ ሬሕማ ደሟ ፈላ። ሃያ ዓመት በሰው አገር፣ ቡሪ ሰፈር፣ ለሐጃ ያበሰለ እጅ በብልቃጥ ሊሻር!

ለሐጃ ሎሚ የተጨመቀበት የወንዝ ዓሳ ከምስር ጋር አቀረበች። ለልጁ ግን ሰፊ ሰሃን ላይ ስድስት እንክብል ደርድራ፣ «ቢስሚላህ በል፣ የኔ ጌታ! ይኼ ዓሳው፣ ይኼ ሽንኩርቱ። መረቅ ካሰኘህ ውሃው ያውልህ» አለችው።

ሐጃ በሳቅ ፈነዱ። ሂሻም እንክብሉን አየ፣ ዓሳውን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። እጁን ቀስ አድርጎ ወደ እናቱ ሰሃን ሲሰድ ሐጃ ቸብ አደረጉት።

«ወላሂ አትነካም! ይኼ መድኃኒቴ ነው፤ አንተን ደግሞ ምን አመመህ?»