የግድ ይገናኛሉ

እናቷ ደጃፉ ላይ አገላብጣ ሳመቻትና በትከሻዋ አሻግራ ወደ መንገዱ አየች።

«አባትሽስ? የት ቀረ?»

«አባዬ እዚህ አይደለም እንዴ?»

«ምነው ልጄ! እንደ ወትሮው ሊቀበልሽ በማለዳ ወጣ እንጂ። አልተገናኛችሁም?»

ከደባርቅ ወደ መንደሩ የሚወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል። እሷም በማለዳ ተነስታ፣ ጭጋጉ ቢከብድባትም ከመንገዱ ሳትወጣ ነበር የመጣችው። በደባርቅ የሒሳብ መምህርት ናት። በዚያው ሳምንት ስለማይቋረጥ ፈንክሽን ለተማሪዎቿ ያወጣችው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ በአንድ መንገድ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ከታች ወደ ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ቢነሱ የግድ ይገናኛሉ? ሁሉም «አዎ» ብለው ሁለት መስመር አገናኝተው ስለዋል። ከተራራማው በየዳ የመጣች አንዲት ልጅ ብቻ «ላይገናኙ ይችላሉ፤ አንዱ ገደል ከገባ» ብላ ጻፈች። መምህርቷ ስቃ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠቻት፤ ከጎኑም «ይህ ሒሳብ ነው፤ መስመሩ አይቋረጥም» ብላ ጻፈችላት። ወረቀቱ አሁን ጀርባዋ ላይ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«አቋራጭ ይዞ ይሆናል» አለች እናቷ፣ አቋራጭ እንደሌለ እያወቀች። «ግቢ፤ ውሃ አሙቄያለሁ፣ እግርሽን ልጠብሽ።»

መምህርቷ አልገባችም። ወደመጣችበት ዞራ፣ መንገዱን ሳይሆን ከመንገዱ በታች የተኛውን ጭጋግ ታይ ጀመር።